ከጋቢ እስከ ሽርጥ፦ የይፋት ተዳፋትና ሕይወቱ

 የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የሚያተኩረው መልክዓ ምድርና የተፈጥሮ አካባቢ የሰውን ኑሮና ባህል እንዴት እንደሚቀርጹ በማሳየት ላይ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ቦታ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ፣ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢትና ዙሪያዋን የያዘው የይፋት ቆላ ነው።

ከደብረ ብርሃን ማልዶ የተነሣ አውቶቡስ ጣርማበር ሲደርስ፣ መንገደኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጉሙ መስኮቱን ይጋርዳል፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ተራራውን በስተው የሠሩት ዋሻ ሲታለፍ መንገዱ ቁልቁል መጠምዘዝ ይጀምራል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ከራስ ይወርዳል። አርማንያ ሲደረስ ሹራቡ ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ መንገደኛው ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፤ በየበሩ የሚያየው ሰውም ሽርጥ ያገለደመ ነው።

ከተማዋ ያለችው 1,280 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ከዋሻው እስከ ከተማዋ ያለው ጉዞ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ1,700 ሜትር ይበልጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ አየሩ በአማካይ 6 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ስለዚህ ያ አውቶቡስ በአንድ ጠዋት ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላ፣ ከገብስ አገር ወደ ማሽላና ሙዝ አገር ወርዷል።

የይፋትን ሰው ኑሮ ለመረዳት መነሻው ይህ ልዩነት ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ቆላ ሲወራ ሙቀቱና ወባው ይነገራል። ይፋትን ይፋት ያደረገው ግን ቆላነቱ ብቻ አይደለም። ደጋው ከራስጌው፣ የአፋር በረሃ ከግርጌው፣ ሁለቱም በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ መሆናቸው ነው። ገበያው፣ ቋንቋው፣ ሃይማኖቱና የጋብቻ ዝምድናው ሁሉ በዚያ ተዳፋት ላይ የተሠራ ነው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ለመሆኑ ይህን ገደል ማን ሠራው? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ አለት የኢትዮጵያን ደጋ ንብርብር አድርጎ ገነባው። በኋላም መሬት እየተሰነጠቀ መለያየት ጀመረ። በአፋር ሦስት የመሬት ቅርፊት ክፋዮች፣ ማለትም የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የሚባሉት፣ አንዱ ከሌላው ይርቃሉ። በመካከላቸው ያለው መሬት ሲሰምጥ ዳርና ዳሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ ቀረ። የጣርማበር፣ የአንኮበርና የመንዝ ገደል የዚያ የስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ግድግዳ ነው። ግድግዳውም በአንድ ጊዜ አይወርድም። ደረጃ ደረጃ እየሠራ፣ በደረጃዎቹ መካከል ጎድጓዳ ሜዳዎችን ትቶ ይወርዳል። የቦርከናና የቆቦ ሜዳዎች የዚህ ዓይነት ናቸው። ሸዋ ሮቢት ያለችበት የሮቢ ሜዳም በዚሁ ግድግዳ ግርጌ ተዘርግቷል።

ይህ ሥራ ገና አላለቀም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን በካራ ቆሬ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከታትሎ ደረሰ። ዋናው ንዝረት በሬክተር መለኪያ ከ6 በላይ ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ የካራ ቆሬ ቤቶች ብዙዎቹ ወደቁ፤ ወደ አስመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና ተሰነጠቀ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሩት ፒየር ጉዋን ያንን መንቀጥቀጥ በዝርዝር መዝግበውታል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ ለሳምንታት የቀጠለው መንቀጥቀጥም የዚሁ ስምጥ ሸለቆ እንቅስቃሴ ነው።

ያ ግድግዳ ዝናብንም ይመራል። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉ ጋር ሲደርስ ሽቅብ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉምና ዝናብ ይሆናል። መንገደኛው ጣርማበር ላይ የሚያየው ጉም ይህ ነው። በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ጥብቅ ደን ጥዱንና ዝግባውን ያቆየው በዚህ እርጥበት ነው። ምሥራቃዊው ተዳፋትም ከብዙው የአገሪቱ ክፍል በተለየ ዓመቱን በሁለት ዝናብ ያሳልፋል፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ክረምት።

የሀገራችን ገበሬ ይህን ሁሉ ያወቀው የአየር ትንበያ መሣሪያ ሳይኖረው ነው። አምስት ቃላት አውጥቶ አገሩን ከፋፈለ፦ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። እያንዳንዱ ቃል ከፍታን፣ ሙቀትን፣ ዝናብን፣ የሚዘራውን እህልና የሚረባውን ከብት በአንድነት ይናገራል። ዛሬም የግብርና ባለሙያዎች ካርታ ሲሠሩ እነዚህኑ ቃላት ይጠቀማሉ። በይፋት ተዳፋት ላይ ደግሞ አምስቱም በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። አንድ ብርቱ መንገደኛ ከመንዝ ውርጭ ተነሥቶ በሁለትና ሦስት ቀን የእግር ጉዞ የአፋር ሜዳ ላይ ይደርሳል።

የማሽላው ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። በቆላው የመሬቱ ጌታ ማሽላ ነው። ሥሩ ጠልቆ ውሃ ይፈልጋል። ቅጠሉ ሰም በመሰለ ነገር የተሸፈነ ስለሆነ እርጥበቱን በቀላሉ አያባክንም። ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሉን ጠቅልሎ እድገቱን ያቆማል፤ ዝናቡ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሌላ እህል ደርቆ በሚያልቅበት ወር ማሽላ ቆሞ ይጠብቃል። ረጅሙ ማሽላ የሚዘራው በበልጉ ርጥበት፣ በሚያዝያ ግድም ስለሆነ፣ በልግ የከዳ ዓመት የቆላው ገበሬ ገና ክረምት ሳይገባ ልቡ ይሰበራል።

ማሽላ እንጀራ ብቻ አይደለም። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ ይሆናል። እሸቱ በፍም ይጠበሳል። ጥንቅሹ፣ ማለትም አገዳው ጣፋጭ የሆነው ዝርያ፣ የልጆች ሸንኮራ ነው። በምሥራቁ የሀገራችን ቆላዎች እህሉን በጉድጓድ መቅበር የቆየ ልማድ ነው። አፉ በደንብ ሲደፈን ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አየር ያልቅና ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ይህ ከመጽሐፍ የተገኘ ዘዴ አይደለም፤ ሙቀቱና ነቀዙ ያስተማሩት ነው።

እህሉ ሲያፈራ ደግሞ ጠላቱ ከሰማይ ይመጣል። ግሪሳ ወፍ በስምጥ ሸለቆው የሣር ሜዳ ተራብቶ እንደ ደመና ተጠቅልሎ ማሽላው ላይ ይወርዳል። በመከር ሰሞን በየማሳው መካከል ማማ ይቆማል፤ ወጣቶችና ልጆች ወንጭፍ ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻሉ። ደገኛው ገበሬ ይህን ሥራ አያውቀውም፤ ለቆላ ልጅ ግን የልጅነት ትዝታው የማማ ላይ ጩኸት ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ አማራ ቆላዎች ሲወርድም ቤተሰብ በሙሉ ቆርቆሮ እያንኳኳና ጅራፍ እያጮኸ ማሳው ላይ ውሎ ነበር።

ከአሥርት ዓመታት ወዲህ ከማሽላው ጎን ሌላ ሰብል ቦታ ይዟል፤ ማሾ። ከ60 እስከ 70 በሚደርሱ ቀናት ውስጥ ይደርሳል። በልጉ ሲከዳ፣ ለረጅሙ ማሽላ ያመለጠውን ጊዜ ማሾ በክረምቱ አጭር ዝናብ ይክሰዋል። በአካባቢው ገበታ ላይ ብዙም አይታይም፤ የሚመረተው ለገበያ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግብይት ከሚፈጸምባቸው ምርቶች አንዱ ሲሆን፣ ወደ እስያ አገሮች ይላካል። የዝናቡ መዛባት የገበሬውን ማሳ ከሩቅ ገበያ ጋር አገናኘው ማለት ነው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ውሃውስ? የሮቢ ወንዝ የሚነሣው ከጣርማበርና ከደብረ ሲና ተራሮች ነው። ቆላውን አቋርጦ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ በጂቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ይህ ወንዝ በክረምት ከደጋው የተጠረገ ለም አፈር ይዞ ይመጣል። የሮቢ ሜዳ አፈር እንዲህ የወፈረው ለብዙ ሺህ ዓመታት ከላይ የወረደው ደለል ተከማችቶበት ነው። ደጋው ሲከሳ ቆላው ወፈረ።

በበጋ ደግሞ ወንዙ በቦይ ይጠለፋል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፓፓያና ማንጎ የሚበቅለው በዚህ ውሃ ነው። በመንገዱ ዳር የተከመረውን የሽንኩርት ጆንያ ያላየ የደሴ መንገደኛ የለም። በዚሁ ሸለቆ የትምባሆ እርሻም ለረጅም ዘመን ሲለማ ኖሯል። ውሃ ባለበት ሁሉ ግን ሕግ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ብዙ ቦታዎች ተራውን የሚያካፍለውን ሰው ገበሬው «የውሃ አባት» ይለዋል። ማን በየትኛው ቀንና ሌሊት እንደሚያጠጣ፣ ቦይ ጠረጋ ያልወጣ ምን እንደሚቀጣ የሚወስነው እሱ ነው። አባት መባሉ ትርጉም አለው። በውሃ እጥረት አገር ውሃ የሚያካፍል ሰው የሁሉም ወላጅ ሆኖ እንዲታይ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሌሊት ቦይ ደም ያፋስሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መሬቱ እንዲህ ለም ከሆነ፣ የጥንቱ ገበሬ ለምን በጠባቡ ደጋ ተጨናንቆ ኖረ? መልሱ በትንኟ ላይ ነው። በሀገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት በአመዛኙ የወባ አገር ነው። ደገኛው ቆላ ወርዶ ያርሳል፤ ሲመሽ ግን ሽቅብ ወጥቶ ማደር ይፈልግ ነበር። ንዳድ የያዘው ሰው ወሬ በየቤቱ ይነገር ስለነበር፣ ቆላ ማደር ሞትን መድፈር ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህ ማሳው ታች፣ መንደሩ ላይ ሆነ። በተዳፋቱ ወገብ ላይ ያሉት የድሮ መንደሮች አቀማመጥ ዛሬም ይህን ይመሰክራል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ የዲዲቲ ርጭት ሲጀመር፣ አውራ ጎዳናውም ሲደላደል፣ ሰው ወደ ሜዳው መውረድ ጀመረ። እንደ ሸዋ ሮቢት ያሉ በመንገድ ዳር የተሠሩ የቆላ ከተሞች የሰፉት በዚህ ዘመን ነው። መንገድና መድኃኒት የመሬቱን ትርጉም ለወጡት።

ተዳፋቱ ከሁሉ በላይ የሠራው ሥራ ግን ገበያ ነው። የተለያየ ነገር የሚያፈሩ ሁለት አገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መገበያየታቸው አይቀርም። ደጋው መንዝ ሱፍ አለው፤ ከሱፉ በርኖስና ባና ይሠራል። ገብስ አለው፤ በሶውና ጠላው ከዚያ ነው። ጥጥና ማሽላ ግን ከቆላ ነው። ጨው፣ ግመልና ፍየል ከአፋር ይመጣሉ። እያንዳንዱ ለሌላው የጎደለውን ይዟል።

የይፋት ሱልጣኔት የቆመው በዚህ ልውውጥ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1285 ዑመር ወላስማ የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ ይፋትን አጠናከረ። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ኃይል ከዘይላ ወደብ ወደ መሀል አገር የሚወስደውን የሲራራ ንግድ በመቆጣጠሩ ላይ የተመሠረተ ነበር። ግመል ሜዳውን ያውቃል፤ ገደሉን ግን አይወጣም። የበረሃው ጭነት ተዳፋቱ ሥር ሲደርስ ከግመል ወርዶ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ግብር የሚከፈልበት፣ ከተማም የሚቆረቆርበት ቦታ ነው። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በተዳፋቱ ላይ ያጠኗቸው አስበሪ፣ መሰልና ኖራ የተባሉት የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ፍርስራሾች፣ ከነድንጋይ መስጊዶቻቸው፣ የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

በዐፄ ዓምደ ጽዮንና በይፋቱ ገዥ በሰብረ ዲን መካከል እ.ኤ.አ. በ1332 ስለተደረገው ጦርነት የተጻፈው ዜና መዋዕል አንድ አስገራሚ ነገር ይዟል። ሰብረ ዲን የንጉሡን መቀመጫ ይዞ በዚያ ጫት እንደሚተክል ዝቶ ነበር። አንድ ገዥ የድሉን ምልክት በሚተክለው ተክል ሲገልጽ፣ ተክሉና ባህሉ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ያሳያል። ስለ ጫት ከሚናገሩ ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱም ይኸው ነው።

የአርጎባ ሕዝብ የተዳፋቱ ልጅ ነው። መንደሮቹን በደጋውና በቆላው መካከል ባሉት የተራራ ወገቦች ላይ ሠራ። ከላይ ገበሬው፣ ከታች አርብቶ አደሩ፤ እሱ በመካከል ሸማኔና ነጋዴ ሆነ። በአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሡ ሲመጣ የወጣው በዚያው መንገድ ነው። ንጉሡ አንኮበር ላይ ተቀምጠው የበረሃውን ንግድ ቁልቁል ያዩ ነበር። 

ዛሬም በአጣዬ ከተማ አቅራቢያ ባለችው ሰንበቴ በየእሑዱ ታላቅ ገበያ ይቆማል። የከተማዋም ስም ከዕለቱ የመጣ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ብዙው ገበያተኛ ከአንድ ቋንቋ በላይ ይናገራል። ፍየል ለመግዛት አፋርኛ፣ እህል ለመሸጥ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ያስፈልጋል። ቋንቋ ማወቅ እዚህ የትምህርት ማዕረግ አይደለም፤ የኑሮ መሣሪያ ነው።

ወደ ምሥራቅ ሲዘለቅ መሬቱ ሌላ ባህል ይጠይቃል። በአፋር ዝናብ ትንሽና የተበታተነ ነው፤ ሣር ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይበቅላል። ስለዚህ ቤቱ ከምንጣፍ የተሠራ፣ ተነቅሎ በግመል የሚጫን ሆነ፤ ተካዮቹም ሴቶች ናቸው። ወሬም እንደ ውሃ የሕይወት ጉዳይ ሆነ። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የመረጃ ልውውጥ ሕግ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ በሽታ የት እንደገባ በዝርዝር ይነጋገራሉ። ያዩትን መደበቅ ነውር ነው፤ ያላዩትን መጨመርም እንዲሁ። ሰፊና ደረቅ መሬት ላይ የተሳሳተ ወሬ መንጋ ይፈጃልና።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ መልክዓ ምድር ሁሉን ይወስናል ማለት ግን ስሕተት ነው። የሰንበቴን ገበያ የፈጠረው ያው ተዳፋት፣ ያው ጠባብ ሸለቆና ያው አውራ ጎዳና የጦርነት መንገድም ሆኖ ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሷል። መሬቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ውሳኔ ነው። ተፈጥሮ የምትሰጠው ዕድልና ገደብ ነው። በዚያ ገደብ ውስጥ ገበያ ማቆምም ሆነ ምሽግ መቆፈር የሰው ምርጫ ነው።

የሰው ውሳኔ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ሽቅብ ወደ መንዝ መመለስ ይበቃል። በይፋት ራስጌ፣ በገደሉ አናት ላይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን የጓሳ ሜዳ አለ። ቤት የሚከደንበት የጓሳ ሣር የሚበቅልበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ቦታ ነው። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ በደንቡ መሠረት እያጨዱ ጠብቀውት ኖረዋል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቁሞታል። እንዲህ ያለ የተጠበቀ ሣር ዝናብን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ቀስ እያለ ለምንጮች ይሰጣል። ከደጋው አናት የሚወርደው ውሃ በበጋ እንዳይነጥፍ የሚረዳውም ይህ ነው።

በሌላ በኩል ተዳፋቱ በታረሰበትና በተራቆተበት ቦታ ዝናቡ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ማሳ ይጠርጋል፤ በጥርና በየካቲት ቦዩ ይደርቃል። የቆላው ሽንኩርት አምራች የውሃ መሳቢያ ሞተሩን እያጠናከረ ቢሄድ መፍትሔው እዚያ የለም። ችግሩ የሚጀምረው ከሱ ማሳ 1,500 ሜትር ሽቅብ፣ ባልተሠራ እርከን ላይ ነው። ሙቀቱ እየጨመረ በሄደ ቁጥርም የወባ ትንኝ ሽቅብ ትወጣለች። በ1951 ዓ.ም. ግድም በወይና ደጋ አካባቢዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150,000 የሚገመት ሕዝብ መፍጀቱ፣ ከፍታ ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ እንዳልሆነ ያሳየ መራራ ትምህርት ነበር።

ስለዚህ ለቆላውም ለደጋውም አድማጮች አንድ ጥሪ እናቀርባለን። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ ላይ የላይኛውና የታችኛው ቀበሌ ለየብቻቸው ከመዝመት ይልቅ አብረው ይውጡ። የሮቢ ሜዳ መስኖ ተጠቃሚ ወደ ደብረ ሲና ተዳፋት ሽቅብ ወጥቶ እርከን ቢሠራና ችግኝ ቢተክል ሥራው የራሱ ነው፤ ለሰው የተደረገ ውለታ አይደለም። መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ከክፍል አውጡ። ከሽማግሌዎች ዘንድ ሄደው ድሮ ይዘሩ የነበሩትን የማሽላ ዝርያዎች ስም፣ የደረቁትን ምንጮች ቦታና በልግ የከዳባቸውን ዓመታት ጠይቀው በደብተራቸው ይመዝግቡ። ይህ እውቀት በሽማግሌዎቹ ዘንድ እስካለ ድረስ መጠየቅ ያለበት ዛሬ ነው።